የግል ብሎግ ስለ መክፈትና ስለ መያዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደጋግመው ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች የተሰበሰቡ ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከበድ ያለው ይሄዳሉ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሎግ ማለት ምን ማለት ነው? የፌስቡክ ገጽ ካለኝ አይበቃም?

ብሎግ አንድ ሰው በየጊዜው የሚጽፍበት፣ አዲሱ ጽሑፍ ከላይ፣ የቆየው ከታች የሚደረደርበት ድረ ገጽ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። «ዌብሎግ» የሚለውን ስም በ1997 ያወጣው ጆርን ባርገር የተባለ አሜሪካዊ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ቃሉ አጥሮ «ብሎግ» ሆነ። በአማርኛ «ጦማር» የሚሉትም አሉ። እኔ ቃሉ ደስ ይለኛል፤ በድሮው አነጋገር ጦማር ደብዳቤ ነውና።

ፌስቡክ ላይ የጻፋችሁት በሁለተኛው ቀን ይሰምጣል። ከሦስት ዓመት በፊት የለጠፋችሁትን ራሳችሁ እንኳ ፈልጋችሁ ማግኘት አበሳ ነው። ማን እንደሚያየው የሚወስነውም የእነሱ ስሌት ነው። ብሎግ ላይ ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ ቋሚ አድራሻ አለው። አካውንት የሌለው ሰውም ያነበዋል።

አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ግን አያስፈልግም። ጽሑፉን ብሎግ ላይ አስቀምጡ፤ ሊንኩን ፌስቡክም ቴሌግራምም ላይ በትኑት።

በዚህ ዘመን ብሎግ የሚያነብ ሰው አለ?

አለ። ግን በመጀመሪያው ወር ወረፋ አትጠብቁ። ብሎግ አንባቢ የሚያገኘው ቀስ እያለ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚመጣው የሆነ ነገር ቸግሮት ሲፈልግ ነው። ለምሳሌ አንድን አፕ እንዴት እንዳስተካከላችሁ የጻፋችሁት አጭር ማስታወሻ፣ ስለ ሕይወት ፍልስፍና ከጻፋችሁት ረጅም ጽሑፍ አሥር እጥፍ ሊነበብ ይችላል። ትንሽ ያበሽቃል፤ ግን እንደዚያ ነው።

የት ልክፈት? ብሎገር ይሻላል ወይስ ዎርድፕረስ?

ጀማሪ ከሆናችሁና ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ብሎገር። ከ1999 ጀምሮ ያለ ነው፤ በ2003 ጎግል ገዛው። የጂሜይል አካውንት ያለው ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ብሎግ ይኖረዋል። መልኩ አርጅቷል፤ አዲስ ነገርም እምብዛም አይጨመርበትም። ግን ይሠራል። የራሳችሁን ዶሜይን (የራሳችሁ ስም ያለበትን የድረ ገጽ አድራሻ) ለማገናኘትም አያስከፍልም።

ዎርድፕረስ ላይ ሰው የሚምታታበት አንድ ነገር አለ፦ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሶፍትዌሩ ነው። በ2003 ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል የጀመሩት ሲሆን፣ ማንም በነጻ አውርዶ በራሱ ሆስቲንግ (ድረ ገጹን ለማኖር በተከራየው ቦታ) ላይ ይጭነዋል። የዚህኛው አድራሻ በ«ዶት ኦርግ» ያልቃል። ሁለተኛው በ«ዶት ኮም» የሚያልቀው ነው። እሱ ያንኑ ሶፍትዌር ጭኖ፣ አዘጋጅቶ የሚያቀርብ አገልግሎት ነው። ነጻ ደረጃ አለው፤ የራስ ዶሜይን ማገናኘት ግን በክፍያ ነው። ዩቲዩብ ላይ «ይህን ፕላግኢን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ጫኑ» የሚል ቪዲዮ አይታችሁ፣ የተባለው ቁልፍ እናንተ ጋ ጠፍቶባችሁ ያውቃል? ቪዲዮው የሚያወራው ስለ አንዱ ነው፤ እናንተ ያላችሁት ሌላው ላይ ነው።

በራስ ሆስቲንግ ላይ መጫን ነጻነት አለው፤ ሥራም አለው። አፕዴቱ የእናንተ ነው፤ ባክአፑ (የመጠባበቂያ ቅጂው) የእናንተ ነው። ሲሰበርም የምትጠግኑት እናንተው ናችሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «መጀመሪያ ሃያ ጽሑፍ ጻፍ፤ ስለ ሆስቲንግ ከዚያ በኋላ እናወራለን» እላለሁ። ቴምፕሌት (የተዘጋጀ የገጽ ንድፍ) ሲያማርጡ ሦስት ወር ፈጅተው አንድም ጽሑፍ ሳያወጡ የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ። አንዱ እኔ ነበርኩ።

ኮምፒውተር የለኝም። በስልክ ብቻ ይቻላል?

ይቻላል። ብሎገርም ዎርድፕረስም በስልክ ብራውዘር ይከፈታሉ፤ ዎርድፕረስ የራሱ አፕም አለው። አንድ ምክር ብቻ ስሙኝ፦ በቀጥታ የብሎጉ መጻፊያ ሳጥን ውስጥ አትጻፉ። ስልክ ይደወላል፣ ወደ ሌላ አፕ ትሄዳላችሁ፣ ስትመለሱ ብራውዘሩ ገጹን እንደ አዲስ ይከፍተዋል። የአንድ ሰዓት ሥራ በአንዴ እልም ይላል። ጎግል ዶክስ ላይ ወይም የስልካችሁ ማስታወሻ ላይ ጽፋችሁ፣ ሲያልቅ ኮፒ አድርጋችሁ አምጡት።

እጃችሁ ሲደክም በድምፅ መጻፍም አለ። የጎግል የድምፅ መጻፊያ ከ2017 ጀምሮ አማርኛ ይሰማል። ነጥብና ሰረዙን ራሳችሁ አስገቡ፤ ከዚያ ደግማችሁ አንብቡ። አንዳንዴ ያላላችሁትን ይጽፋል፤ አንዳንዱም ያስቃል።

አማርኛ በምን ልጻፍ?

አንድሮይድ ስልክ ላይ የጎግሉ ኪቦርድ ጂቦርድ ይበቃል፤ የቋንቋ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ አማርኛን ጨምሩ። ዊንዶውስ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ አብሮ ይመጣል፤ ከቋንቋ ማስተካከያው ማብራት ብቻ ነው የሚቀራችሁ። ኪይማን የተባለ ነጻ ፕሮግራምም አለ፤ በድምፁ የለመዳችሁትን የላቲን ፊደል ትጫናላችሁ፣ መጀመሪያ ሳድሱ ይወጣል፣ አናባቢውን ስትነኩ ወደምትፈልጉት ፊደል ይቀየራል። በሁለት ሳምንት ይለመዳል።

አንድ ልማድ ግን ተዉት። ብዙ ሰው አራት ነጥብ ለመጻፍ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይጫናል። ለዓይን ይመሳሰላል። ለማሽን ግን «።» አንድ ራሱን የቻለ ምልክት ነው፤ «፡፡» ደግሞ ሁለት የቃል መለያያ ነው። ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ የሚፈልግ ፕሮግራም ይሳሳታል። ስታርሙ ፈልጋችሁ ለመተካትም ያስቸግራል።

ጽሑፌ ሌላ ሰው ጋ ሳጥን ሳጥን ሆኖ፣ ወይም የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ለምን?

ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ሳጥን ከሆነ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጎደለው የአንባቢው መሣሪያ ላይ የግዕዝ ፎንት ነው። አሁን አሁን ይህ እየቀረ ነው። አንድሮይድ ኖቶ አለው፤ ማክ ከፋ የሚባል አለው፤ ዊንዶውስ ኢብሪማን ይዞ ይመጣል። ሳጥን የሚያዩት በአብዛኛው አሮጌ መሣሪያ ላይ ያሉ ናቸው።

ዝብርቅርቅ ላቲን ከሆነ ግን ችግሩ ጽሑፉ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999፣ በዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች አንድ ዘዴ ነበራቸው፤ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የአማርኛ ፊደል ሥዕል ያስቀምጡ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲን ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። በድሮዎቹ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ካላችሁ፣ ኮፒ አድርጋችሁ ብሎግ ላይ ስትለጥፉት ልብሱን አውልቆ ላቲን ይሆናል። መፍትሔው ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ማሳለፍ ነው። ከተቀየረ በኋላ ከመጀመሪያው ጋር እያስተያያችሁ አንብቡት፤ ዲቃላ ፊደላትና ቁጥሮች ላይ ስህተት ይበዛል።

ገጹ ለዓይን እንዲመች ምን ላድርግ?

አብዛኛው ቴምፕሌት የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ግን ቁመቱም ወርዱም ሞላ ያለ ነው፤ ዝርዝሩም ብዙ ነው። ስለዚህ የፊደሉን መጠን ወደ 18 ፒክስል ከፍ አድርጉ። የመስመሮቹን ርቀት ደግሞ የፊደሉን መጠን ከ1.6 እስከ 1.8 እጥፍ አድርጉት። ይህን ብቻ ብታደርጉ ገጹ ወዲያው ይተነፍሳል።

ዘመም ያለ ጽሑፍን ለአማርኛ አትጠቀሙ። ግዕዝ ፊደል ዘመም ያለ ቅርጽ የለውም፤ ብራውዘሩ ቀጥ ያለውን ፊደል በጉልበት ያጋድለዋል። ማጉላት ከፈለጋችሁ ትእምርተ ጥቅስ ወይም ደመቅ ያለ ጽሑፍ አለ። ግራ ቀኙን እኩል የሚያደርገውንም ቁልፍ ተዉት። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ የስልክ ስክሪን ጠባብ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ በቃላቱ መሃል ገደል ይፈጠራል።

ሌላው ደግሞ ከሌላ ቦታ ኮፒ ያደረጋችሁት ጽሑፍ የድሮ ቤቱን ቀለምና መጠን ይዞ ይመጣል። አንዱ አንቀጽ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዊንዶውስ ላይ ብዙ ብራውዘሮች ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪ አብራችሁ ስትጫኑ ባዶ ጽሑፉን ብቻ ያስገባሉ። ዕቃውን ትቶ ሰውየውን ብቻ ማስገባት ነው።

በየስንት ቀኑ ልጻፍ?

በምትችሉት። ቀን ቆርጦ በየሳምንቱ ሰኞ እያሉ ማወጅ ሰኞን ያስጠላል። ይልቅ ሁለት ሦስት ያላለቁ ጽሑፎች ሁልጊዜ በረቂቅ ይኑራችሁ፤ ሙዱ ሲመጣ የምትቀጥሉት አታጡም። ደግሞ ለጠፋችሁበት ጊዜ ይቅርታ የሚጠይቅ ጽሑፍ አትጻፉ። መጥፋታችሁን ያስተዋለ ብዙ ሰው የለም።

የራሴ ዶሜይን ያስፈልገኛል?

ከሃያኛው ጽሑፍ በኋላም እየጻፋችሁ ከሆነ፣ አዎ። ምክንያቱ ማማር አይደለም። በነጻው አድራሻ ስትጽፉ አድራሻው የድርጅቱ ነው። አንድ ቀን ቤት ልቀይር ብትሉ አንባቢያችሁም፣ ሰው በየቦታው የለጠፈው ሊንክም እዚያው ይቀራል። የራሳችሁ ዶሜይን ካለ ግን ከኋላ ያለውን አገልግሎት ትቀይራላችሁ፤ አድራሻው ሳይለወጥ ይቀጥላል። ያሁ በ2009 ጂኦሲቲስ የተባለውን የነጻ ድረ ገጽ አገልግሎት ሲዘጋ፣ ሰው ለዓመታት የገነባው ገጽ ብቻ ሳይሆን ወደዚያ የሚያመራው አድራሻ ሁሉ ነው የሞተው።

ዶሜይን ግን አይገዛም፤ ይከራያል። በዓመት ይታደሳል፤ በአንድ ጊዜ ቢበዛ ለ10 ዓመት ይያዛል። እኔ አንዴ አጥቼዋለሁ። ስመዘግብ የሰጠሁት የድሮ የሥራ ቦታ ኢሜይል ነበር። ሥራውን ለቀቅኩ፤ ኢሜይሉ ተዘጋ። የማሳደሻ ማስታወቂያው በሙሉ ማንም ወደማይከፍተው ሳጥን ሲላክ ከረመ። የሰማሁት አንድ አንባቢ «ገጽህ ማስታወቂያ ሆኗል» ብሎ ሲጽፍልኝ ነው። እንደ ዶት ኮም ያሉት ላይ ጊዜው ካለፈ በኋላ ጥቂት የምሕረት ሳምንታት አሉ፤ ከዚያ ደግሞ ቅጣት ተከፍሎ የሚመለስበት 30 ቀን አለ። እኔ የደረስኩት ከዚያም በኋላ ነበር።

ስለዚህ፣ ዶሜይኑን በራሳችሁ ስም መዝግቡ። «የሠራልኝ ልጅ መዘገበልኝ» የሚባል ነገር አንድ ቀን ያጣላል። ኢሜይሉ ዕለት ዕለት የምትከፍቱት ይሁን። በራሱ እንዲታደስ የሚያደርገውን ቁልፍ አብሩት፤ የካርዳችሁ ጊዜ እንዳያልፍም ተጠንቀቁ።

የጽሑፌ ሊንክ ለምን የ% ምልክት የሞላበት እባብ ይሆናል?

ምክንያቱ አሠራሩ ነው። የድረ ገጽ አድራሻ በመሠረቱ የሚሸከመው የላቲን ፊደልና ጥቂት ምልክቶችን ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድን ለኮምፒውተር በሚጽፈው አሠራር) ሦስት ባይት ይይዛል። እያንዳንዱ ባይት አድራሻ ውስጥ ሲገባ በአንድ % እና በሁለት ሆሄ ይጻፋል። ስለዚህ አንድ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል ማለት ነው። «መጽሐፍ» የምትለው አራት ፊደል ያላት ቃል ብቻዋን 36 ቦታ ትወስዳለች።

ዎርድፕረስ የአድራሻውን መጨረሻ በ200 ምልክት ይገድበዋል። ይህ ወደ 22 የግዕዝ ፊደል ነው፤ ረጅም ርዕስ መሃል ላይ ይቆረጣል። ብሎገር ደግሞ የግዕዙን ፊደል ጭራሽ ይዘለውና ለሁሉም ጽሑፍ «ብሎግ ፖስት» የሚል ስምና ቁጥር ይሰጣል። ሁለቱም አያምሩም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከማተማችሁ በፊት የአድራሻውን ቦታ ከፍታችሁ ሁለት ሦስት ቃል በላቲን ፊደል ጻፉ። ከታተመ በኋላ ግን አትነካኩት፤ የተሰራጨው ሊንክ ይሰበራል።

ፎቶ እንዴት ላስገባ? ከጎግል ላይ ባወርድስ?

ጎግል የሚያሳያችሁ ፎቶ የጎግል አይደለም፤ የሆነ ሰው ነው። ራሳችሁ አንሱ። ካልሆነ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ፈልጉ፤ እዚያ ላይ ግን ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ያለውን የፈቃድ ዓይነት አንብቡ። አብዛኛው ያነሳውን ሰው ስም መጥቀስ ይጠይቃል።

መጠኑን ቀንሱ። የስልክ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ4000 ፒክስል ያላነሰ ወርድና ብዙ ሜጋባይት አለው። ብሎግ ላይ 1200 ፒክስል ከበቂ በላይ ነው፤ ጥራቱን ወደ 80 በመቶ ስታወርዱት ፋይሉ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ይሆናል። ስኩሽ የሚባለው የጎግል መሣሪያ ብራውዘር ውስጥ ይህን በነጻ ይሠራል። አንባቢያችሁ በራሱ ዳታ ነው የሚያነበው፤ እሱንም አስቡለት።

ሦስተኛው የማይታየው ነው። ስልካችሁ ፎቶው ውስጥ የተነሳበትን ሰዓት ይጽፋል፤ ቦታውን እንዲይዝ ከፈቀዳችሁለት ደግሞ ትክክለኛ ቦታውን። የቤታችሁን በረንዳ ፎቶ ስትለጥፉ የቤታችሁን አድራሻ እየሰጣችሁ ሊሆን ይችላል። ከካሜራው ማስተካከያ ላይ የቦታ መያዣውን አጥፉት። ለድሮዎቹ ፎቶዎች ደግሞ ስክሪንሹት ማንሳት ቀላሉ ዘዴ ነው፤ አዲሱ ምስል የመጀመሪያውን ቦታ አይዝም።

ጎግል ላይ ብፈልገው አይወጣም። ምን አጠፋሁ?

መጀመሪያ ጎግል ያውቃችሁ እንደሆነ እዩ። መፈለጊያው ላይ «ሳይት» የሚለውን ቃል በላቲን ጽፋችሁ፣ የላቲኑን ሁለት ነጥብ አድርጋችሁ፣ ክፍተት ሳትተዉ የብሎጋችሁን አድራሻ አስከትሉ። ምንም ካልመጣ ጎግል ገና አልመዘገባችሁም። ሰርች ኮንሶል የሚባል ነጻ የጎግል አገልግሎት አለ፤ ብሎጋችሁን እዚያ አስመዝግቡ። ማስተካከያችሁ ውስጥ «የፍለጋ ሞተሮች እንዳያዩኝ» የሚለው ቁልፍ በርቶ እንደሆነም ተመልከቱ። ሲሞክሩ አብርተው የረሱት ብዙ ናቸው።

ተመዝግባችሁም የማትወጡ ከሆነ የአማርኛ የራሱ ጣጣ አለ። «ፀሐይ»ን አስቡ። የመጀመሪያው ፊደል ጸ ወይም ፀ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ይህች ሦስት ፊደል ያላት ቃል በ12 መንገድ ትጻፋለች፤ ሲነበብ ሁሉም አንድ ነው። ፈላጊው በአንዱ ይጽፋል፤ እናንተ በሌላው ጽፋችኋል። መፈለጊያዎቹ አንዳንዱን ያገናኙታል፤ ሁሉንም ግን አይደለም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ርዕሱ ላይ ሰው በብዛት የሚጽፍበትን አጻጻፍ አስቀምጣለሁ፤ መዝገበ ቃላቱ ቢቆጣም። ጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ትክክለኛ የምለውን እጠቀማለሁ። የፊደል አጥባቂዎች ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል፤ ይገባኛል። ግን ያልተገኘ ጽሑፍ ፊደሉ ቢጠብቅ ማን ሊያነበው ነው? ርዕሱም ሰው የሚጠይቀውን ነገር በቀጥታ ይናገር። «የማለዳ ሐሳቦች» ብሎ የሚፈልግ የለም።

ብሎጌ እንዳይሰረቅ ምን ላድርግ?

ከብሎጉ በፊት ኢሜይሉን ጠብቁ። ኢሜይላችሁን የያዘ ሰው «ፓስወርድ ረሳሁ» የሚለውን እየተጫነ ሌላውን ሁሉ ይወስደዋል። ለኢሜይሉ የትም ያልተጠቀማችሁበት ረጅም ፓስወርድ ስጡት። ርዝመት ከውስብስብነት ይበልጣል፤ የማይገናኙ አምስት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል ብትጽፉ ከስምንት ፊደልና ምልክት ዝብርቅ ይሻላል። ለማስታወስም ይቀላል። ለቀሩት አካውንቶች ቢትዋርደንን የመሰለ የፓስወርድ መያዣ ተጠቀሙ።

ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን ሁለተኛውን ማረጋገጫም አብሩ። በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድ ከምንም ይሻላል፤ ሲም ካርዳችሁን በስማችሁ ያወጣ ሌባ ግን ኮዱንም ያገኛል። በየ30 ሰከንዱ ስድስት አኃዝ የሚቀይረው የማረጋገጫ አፕ የተሻለ ነው። ስታበሩት የሚሰጣችሁን የመጠባበቂያ ኮዶች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ስልኩ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ኮድ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ድርጅቱ ነገ ቢዘጋስ? ጽሑፎቼ ይጠፋሉ?

ቅጂ ከሌላችሁ፣ አዎ። ትልቅ ድርጅት ነው ብላችሁ አትጽናኑ። ጎግል በ2013 የብሎግ ማንበቢያውን ጎግል ሪደርን፣ በ2019 ደግሞ ጎግል ፕላስን ዘግቷል።

ብሎገርም ዎርድፕረስም ጽሑፎቻችሁን በአንድ ፋይል አውጥቶ የሚሰጥ ቁልፍ አላቸው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ፦ ያ ፋይል ጽሑፉን ይይዛል እንጂ ፎቶዎቹን አይዝም። የሚይዘው የፎቶዎቹን አድራሻ ነው። ብሎጉ ሲሞት አድራሻውም ይሞታል። ፎቶዎቹን ለብቻ በፎልደር አስቀምጡ።

ባለሙያዎች ሦስት ሁለት አንድ የሚሉት ደንብ አለ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለብሎግ ሲተረጎም፦ አንዱ ብሎጉ ራሱ፣ አንዱ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ጎግል ድራይቭን በመሰለ ቦታ። ብሎጉ ጎግል ላይ ከሆነ ግን ሦስተኛውን ሌላ ድርጅት ጋ አድርጉት፤ አካውንቱ ሲቆለፍ ሁለቱም ነው የሚቆለፉት። በዓመት አንዴ ደግሞ ፋይሉን ከፍታችሁ እዩት። ከፍተው ያላዩት ባክአፕ ባክአፕ መሆኑ አይታወቅም።

ቻትጂፒቲ ቢጽፍልኝስ?

ብሎጉ የግል ነው ብለን ነው የተነሳነው። ሌላ ከጻፈው የማን ግል ነው? አማርኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የትርጉም ሽታ አለው፤ ቃሉ አማርኛ ነው፣ አካሄዱ ፈረንጅ። ስም፣ ዓመትና ጥቅስም በሙሉ ልብ ይፈጥራል። እኔ ለሁለት ነገር እጠቀምበታለሁ። ጽሑፌን አንብቦ ግልጽ ያልሆነለትን እንዲጠይቀኝ አደርጋለሁ። የቴምፕሌቱ ኮድ ሲበላሽ ደግሞ ስህተቱን ያሳየኛል። ሁለተኛው ላይ ጎበዝ ነው።

ስሜን ደብቄ መጻፍ እችላለሁ?

ከሰፈርና ከሥራ ቦታ ሰው መደበቅ ይቻላል፤ ከሁሉም መደበቅ ግን በጣም ከባድ ነው። ለብሎጉ ብቻ የሚሆን አዲስ ኢሜይል ክፈቱ። ዶሜይን ስትገዙ የመዝጋቢውን ስም የሚሸፍነው አገልግሎት መብራቱን አረጋግጡ። የጎግል ፕሮፋይላችሁ እውነተኛ ስማችሁን ከጽሑፉ ሥር እንዳይለጥፍባችሁም እዩ።

ሰውን የሚያጋልጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቴክኖሎጂው አይደለም፤ አጻጻፉ ነው። «እንግዲህ ምን ይባላል» እያላችሁ የምትጨርሱ ከሆነ ጓደኛችሁ በሁለተኛው አንቀጽ ያውቃችኋል። እናንተና አንድ ሌላ ሰው ብቻ የነበራችሁበትን ገጠመኝ ከጻፋችሁ ደግሞ ነገሩ አለቀ።

ጽሑፌን ገልብጠው በራሳቸው ስም ለጠፉት። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ስክሪንሹት አንሱ፤ ቀኑና አድራሻው ይታይ። ዌይባክ ማሽን በሚባለው የድረ ገጾች ማኅደር ላይም ገጹን አስቀምጡት፤ ቢያጠፉት እንኳ ማስረጃው ይቀራል። ከዚያ በጨዋነት ጻፉላቸው። ግማሾቹ ስም መጥቀስ ያለባቸው መሆኑን እንኳ አያውቁም፤ ሊንክ ያስገቡና ነገሩ ያልቃል።

እምቢ ካሉ ገጹን ላስተናገደው ድርጅት አመልክቱ። በ1886ቱ የበርን ስምምነት አባል አገሮች የቅጂ መብት ጽሑፉ እንደተጻፈ ይጀምራል፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። የአሜሪካ ድርጅቶች ደግሞ ከ1998 ጀምሮ ባለው ዲኤምሲኤ በሚባለው የቅጂ መብት ሕግ የተነሳ የማመልከቻ ቅጽ አላቸው። ፌስቡክም ጎግልም ላይ ታገኙታላችሁ። ቅጹ እውነተኛ ስም ይጠይቃል፤ በብዕር ስም የምትጽፉ ከሆነ ያ ስም ለተከሳሹ ሊደርሰው እንደሚችል እወቁ።

ከብሎገር ወደ ዎርድፕረስ መዛወር እፈልጋለሁ። የድሮ ሊንኮቼ ይሰበራሉ?

ዝም ብላችሁ ካዛወራችሁ፣ አዎ። ሁለቱ አድራሻ የሚሠሩበት መንገድ ይለያያል። ብሎገር ዓመትና ወር ያስገባል፤ መጨረሻ ላይም ቅጥያ አለው። ዎርድፕረስ ላይ የአድራሻውን ቅርጽ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፤ ከድሮው ጋር የሚመሳሰል መምረጥ ግማሹን ሥራ ያቀልላችኋል። ለቀረው 301 የሚባል ማዞሪያ አለ። ለብራውዘሩም ለጎግልም «ይህ ገጽ ለዘለቄታው ወደዚህ ሄዷል» ብሎ ይነግራል። የራሳችሁ ሆስቲንግ ካለ ይህን የሚሠሩ ነጻ ፕላግኢኖች ሞልተዋል።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ገና ብሎገር ላይ እያላችሁ የራሳችሁን ዶሜይን አገናኙ፤ ብሎገር የድሮውን ነጻ አድራሻ የሚከፍተውን ሁሉ ወደ አዲሱ ዶሜይን ይመራዋል። ጥቂት ወር እንዲሁ ተዉት። ከዚያ ዶሜይኑን ወደ ዎርድፕረስ አዙሩት። የብሎገሩን ብሎግ ግን አትሰርዙት፤ ከሰረዛችሁት ከነጻው አድራሻ የሚመጣው ሰው መንገዱን ያጣል። ሲያልቅ በብዛት የተነበቡ አሥር የድሮ ጽሑፎችን መርጣችሁ፣ ከዚህ በፊት ብሎጋችሁን ከፍቶ በማያውቅ ስልክ ሊንኮቻቸውን አንድ በአንድ ነክታችሁ እዩ። በራሳችሁ ስልክ አትሞክሩት፤ ብራውዘሩ የድሮውን ገጽ አስቀምጦ ሁሉም ደህና ነው ሊላችሁ ይችላል።